በሩ ያንተ፣ ሆዱ የኔ

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ስለማትመልስልኝ መልሱንም እኔው ልፈጥረው ነው፤ ከዚያ ደግሞ «ውሸታም» ትለኛለህ። ከተለየኸን ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው። የመጀመሪያው፣ ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ፣ ብርዱም ሳይሰማን አለፈ። ይሄኛው ግን ጥሎብናል። ሰፈራችን ጊንጆ ጉዱሩ ከጠዋት እስከ ማታ ያንጠባጥባል፤ ቆርቆሮው፣ ዛፉ፣ የሰዉ አፍንጫ ሳይቀር።

ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሮ አንዴም ያልጨረሰ ልጅህ ደብዳቤ ሲጽፍ ብታይ ምን ትል ይሆን? ፊደል ከገደፍኩ ያስተማሩኝን ሳይሆን ያባረሩኝን ውቀስ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ቫርኒሽ ቀቢህ ጋሽ በቀለ መነጽር አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በራሳቸው እጅ ያስዋቡትን ቁም ሳጥን ቀረብ ብለው ያዩና «ይሄን ቫርኒሽ የቀባው ደግሞ ማነው?» ይላሉ። እኔም «አንድ መነጽር የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው» እላቸዋለሁ። ብሩሽ ይወረውሩብኛል። አንተ በሕይወት እያለህም ይወረውሩብኝ ነበር፤ አሁን ግን መነጽር ስላላቸው አይስቱም። መላጊያህን ማንም አልነካብህም። እኔ ብቻ ነካሁት። ምላጩ ትንሽ ተሸርፏል። ትንሽ ነው። እሺ፣ ትንሽ እንኳ አይደለም፤ ግን አስሞርጄዋለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ምድጃው ነው። ዙሪያውን የምዞረውም ለዚሁ ነው፤ አንተ ታውቀኛለህ፣ ጥፋት ሲኖርብኝ ስለ አየሩ ማውራት እወዳለሁ።

ያን ምድጃ የሠራህ ሰሞን ሰዉ እንዴት እንደሳቀብን አልረሳሁትም። «ከድር አብዷል፣ ጅማ ላይ ቤት ሊያሞቅ ነው» አሉ። አልጋና ቁም ሳጥን በክረምት የሚሠራ ሰው ግን አልሳቀም። ዝናቡ በገባ ቁጥር ኮላው እንደ አጥሚት ረጥቦ ያድራል፤ ጠዋት ሞርሳውን ስትፈታው የተጣበቀው እግር ተለያይቶ ይጠብቅሃል። ቫርኒሹም እርጥበት ሲነካው ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ሌላው አናጢ ክረምት ክረምት ጫት ቤት ቁጭ ሲል፣ አንተ ባዶ በርሜል ገዛህ፣ ከከባድ መኪና የተፈታ የፍሬን ታምቡር ሆዱ ውስጥ አስቀመጥክ፣ ከላይ በቀጭን ቱቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ እንዲል አደረግክ፣ ጭስ ማውጫውን በጣሪያው ቀድደህ አወጣህ፤ ከዚያ ክብሪት ጫርክ። የፊቱን ላሜራና በሩን ራስህ በየድከው። አናጢ ሲበይድ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው። የብየዳው ስፌት ዶሮ ጭራ የሄደችበት መሬት ይመስላል። ይህን ፊት ለፊትህ ብዬሃለሁ፤ ከጀርባህ የተናገርኩት አይደለም።

ዘይት ፍለጋ አብረን ሊሙ ገነት የምንወርድበትን ቅዳሜ ግን እስካሁን እናፍቃለሁ። ባዶ ጀሪካኖቹን በገመድ አስረን፣ እኔ እንደ ከበሮ እየደለቅኳቸው፣ ተሳፋሪው «ኧረ ይሄን ልጅ አስታግሰው» እያለ፣ አንተ ደግሞ «የኔ አይደለም፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት» እያልክ። የቡና መፈልፈያው መካኒኮች የጄኔሬተሩን አሮጌ ዘይት ያስቀምጡልህ ነበር። አሁን እሱም ተወዷል። ቤት የሚሠራው ሁሉ ምሰሶውን ምስጥ እንዳይበላበት በተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ እኛ ልናነደው፣ እነሱ ሊቀቡት፣ አንድ ጀሪካን ላይ እንሻማለን። መካኒኮቹ ግን ስምህን ስጠራ አሁንም ያሳልፉልኛል። «የከድር ልጅ ነህ? ያ የሚደልቀው?» ይሉኛል።

ጠዋት ጠዋት ያስተማርከኝንም አልዘነጋሁም። ሳይለኮስ በፊት ታምቡሩ ላይ የደረቀውን ጥቁር ቅርፊት መፋቅ። ጭስ ማውጫውን በዱላ መታ መታ አድርጎ ጥላሸቱን ማራገፍ። ዘይቱን በአሮጌ ሽርጥህ ማጥለልና ጀሪካኑ ሥር የተኛውን ውሃ ማፍሰስ፤ ውሃ ያለበት ዘይት እሳት ላይ ሲደርስ እየፈነዳ ይተፋልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ ታምቡሩ ሳይቀዘቅዝ ዘይት አለመክፈት። ይሄኛውን በቅንድቤ ነው የተማርኩት። በጋለው ላይ ከፍቼ፣ ተኖ እስኪሞላ ጠብቄ፣ የነደደ ጨርቅ ወረወርኩበት። ቡፍ ሲል አንተ ሮጠህ መጣህ፤ መጀመሪያ አልጋውን አየህ፣ ቀጥለህ እኔን። «አልጋው ደህና ነው» አልክ። ከዚያ ነው ቁጭ ብለህ ፊቴን የጠረግከው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ፣ ደመናው የአናጢነት ሱቃችንን አጨልሞት ሳለ፣ በምድጃህ ጎን ላይ ቀይ መስመር አየሁ። ብረቱ ከውስጥ ተበልቶ፣ ስንጥቁ እሳቱን ያሳይ ነበር። ሥሩ ላይ ደግሞ ዘይት ያንጠባጥባል። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አይነገርም። ጋሽ በቀለ አጎንብሰው አዩና «ልጄ፣ ይሄ በርሜል ዕድሜውን ጨርሷል፤ እኛንም ሳይጨርስ ይነሳ» አሉኝ።

የሚነሳ ነገር አልነበረም። እማዬ አንተ ከሄድክ ጀምሮ አስር ሰግዳ፣ በርጩማዋንና ዳንቴሏን ይዛ ወደ ሱቁ ትመጣለች። ጉልበቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። በሩን በመዳፏ ነካ ታደርግና «አሁንም እጁ ይሞቃል» ትላለች። እኔ አንድ ቀን ዝገቱን ልጠርግ ብረት ብሩሽ ሳነሳ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ አድርግ። ይሄን የነካ ግን እኔን ነካ።» እንደዚያ ስትለኝ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ልጅ ቢሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ነበር። እኔ ግን እውነት ስናገር ማንም አያምነኝም፤ ውሸት ደግሞ እጄ ላይ ያምራል። በጋው አልቆ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እማዬ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሊሙ ገነት ወረደች። እኔም ወፍራም በርሜል አመጣሁ። ያንተን በርና የፊቱን ላሜራ ከነዶሮ ጭረት ስፌቱ በጥንቃቄ ቆርጬ አነሳሁ፤ አዲሱ ላይ በየድኩት። አዲሱን ጎን በዘይትና በጥላሸት አሸሁት፣ አቃጠልኩት፣ እንደገና አሸሁት። የድሮውን መዶሻ ጠባሳ እንኳ በቦታው ደገምኩት። ስጨርስ እኔ ራሴ የቱ ያንተ የቱ የኔ እንደሆነ ጠፋብኝ። የተበላውን ገላ ቁራሌው ወሰደው።

ጋሽ በቀለ ቆመው አዩኝ። «በዚህ እጅህ ብትማር ኖሮ» አሉ፤ ከዚያ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ወጡ።

ይባስ ብሎ እማዬ በማታይበት በጀርባው በኩል ማራገቢያም ገጠምኩለት። አዎ፣ ያንን ስንት ክረምት የተጣላንበትን ማራገቢያ። አንተ «ማራገቢያ የሰነፍ ሳንባ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ጭሱን ለጎረቤት የምናካፍለው ሰደቃ መስሎህ ነው?» እልህ ነበር። አሁን ጭስ የለም አባዬ። ንጹሕ ቢጫ እሳት ነው። ዘይቱ ግማሽ ቀን ጨምሮ ይነዳል፣ ኮላው በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ ጎረቤት ልብሱን ያለ ስድብ ያሰጣል። ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔን ባወቅሁበት ጠዋት ዘወር ስል አንተ የለህም። ማንን ላብሽቅ? ሰዉ የደረቀውን አልጋ አይቶ «ሙኒር ከአባቱ በለጠ» ሲል ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ላሸንፍህ የፈለግኩት እኮ ቆመህ እንድትከራከረኝ ነበር።

እማዬ ከሠርጉ ተመልሳ፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ መላጊያ ይዤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እልግ ነበር፤ ሳንቃው ሊበሳ ደርሶ ነበር። «ዘንድሮስ እንዴት ያለ ሙቀት ነው» አለች። «ከድር እዚያ ሆኖ ደስ ብሎታል ማለት ነው፣ አልሀምዱሊላህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልጣፈጠኝም። በየቀኑ ለኔ ሥራ አንተን ትመርቃለች፤ ይሄስ ባልከፋ፣ ምርቃቱን ውሰድ። ግን አንተ ወደሌለህበት ብረት ጠጋ ብላ ስታወራህ፣ እኔ ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ።

እንዲህ እያልኩ ክረምቱን በዝምታ ልጨርሰው ነበር። አንድ ቀን አልጋ ሊያዝዝ አንድ በያጅ መጣ። ዓይኑ የሙያው ነውና ከአልጋው ይልቅ ምድጃውን ዞሮ ዞሮ አየ። «እማማ፣ ይሄ ገላው አዲስ ነው። ብየዳውም የቅርብ ነው» አላት፤ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሊያደንቅ ነው። እማዬ ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ወላሂ፣» አለች፣ «ወላሂ ከባሌ እጅ በቀር የማንም እጅ አልነካውም።»

ሰውየው እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። «እንግዲያ አላህ ይዘንለት፣ ጎበዝ ነበር» ብሎ ሄደ።

እማዬ ወላሂ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። መንደሩ ሁሉ ለሩብ ኪሎ ሽንኩርት ሲምል እሷ «ካላመንክ ተወው» ነው የምትለው። ያን ቀን ግን ስላንተ ስለሆነ ማለች። በሐሰት ማለች። ያስማልኳት እኔ ነኝ።

ጋሽ በቀለ ብሩሻቸውን እየጠረጉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ቀልድ ሌላ ነው ሙኒር። እናትህን ፈጣሪዋ ፊት ውሸታም አደረግሃት» አሉ።

ማግስቱ እሑድ ነበር፣ ምድጃው ቀዝቃዛ። እማዬን ጓሮ ልብስ ስታጣጥፍ አገኘኋትና ነገርኳት። ሳቀች። «ሂድ ወዲያ፣ ዛሬ ደግሞ የሚያሞኝ ሰው አጣህ?» አለችኝ። እውነቴን ነው አልኳት። «ባለፈው ዶሮዋ ባለ ሁለት አስኳል እንቁላል ጣለች ስትለኝም እውነትህን ነበር» አለች። ልምልልሽ ልል አልኩና ተውኩት። በየትኛው አፌ? ስለዚህ እጇን ይዤ ወደ ሱቅ ወሰድኳት፣ በሩን ከፈትኩ፣ በስልኬ መብራት ውስጡን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ እጇን አስገባች። ግድግዳውን እስከ ጥግ ዳሰሰችው። ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ ፈልጋ ለስላሳ ሆኖ አገኘችው።

«የሱ የቱ ነው?» አለች።

በሩና የፊቱ ላሜራ ነው አልኳት።

«ሌላውስ?»

ቁራሌው ወሰደው አልኳት።

በሩን ሕፃን እንደተኛበት ክፍል በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወደ ቤት ሄደች።

ከሰዓት እዚሁ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። ብረት የሚሸጡበትን ጥግ ሁሉ አካለልኩት፤ ዝናቡ አናቴ ላይ፣ ጭቃው ጉልበቴ ላይ። አንዱ ነጋዴ «ወንድሜ፣ አሮጌ በርሜል ስም አለው እንዴ? ሁሉም ተጭኖ ሄዷል» አለኝ። ስም ነበረው ልለው ፈለግኩ። ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ተመለስኩ። ለምን በእግሬ እንደሆነ አላውቅም፤ መቀመጥ ያፈርኩ ይመስለኛል።

እማዬ የመስጊዱን ኡስታዝ ጠየቀች። ሳታውቂ የማልሽው አይያዝብሽም አሏት። እሷ ግን «ልቤ ይዞታል» ብላ ሦስት ቀን ጾመች። እኔም ሳትነግረኝ አብሬያት ጾምኩ። ማታ ማታ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ቴምር እየተቀባበልን እናፈጥራለን፤ ለምን እንደጾምን ግን አንዳችንም አናነሳም። ሱቁ ውስጥ በርጩማዋ ባዶ ሆኖ ቆየ። ጋሽ በቀለ እንኳ ብሩሽ አልወረወሩብኝም። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ሙቀቱ አንድ አጥር ማዶ አለ፤ እሷን ከሙቀቱ የለየኋት እኔ ነኝ። እሳቱን በየጠዋቱ ስለኩስ ለማን እንደምለኩሰው ጠፋኝ። ለአልጋ እግር?

ጾሙን ጨርሳ ማግስቱን ግን መጣች። አስር ላይ አይደለም፣ ገና በጠዋት፣ ያንን ሰማያዊ ቱታህን ለብሳ። እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፣ እግሩ መሬት ይጠርጋል። ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የሚበቃኝ ቀልድ ነበር። መፋቂያውን ከእጄ ወሰደችና «ሜ፣ እስቲ አሳየኝ» አለች። ተይው እማዬ፣ ትቆሽሻለሽ አልኳት። «በማላውቀው ነገር ሁለተኛ አልምልም» አለችኝ።

አሳየኋት። ቅርፊቱን ከየት ጀምራ እንደምትፍቅ፣ ቱቦው ሲደፈን በምን ሽቦ እንደሚወጋ፣ የዘይቱ ጠብታ ስንት ሲሆን ጥሩ እንደሚነድ፣ ውሃው ከጀሪካኑ ሥር እንዴት እንደሚፈስ። ለምን፣ ለምን፣ ለምን ትለኛለች። ያልገባኝን ነገር እንኳ ጠየቀችኝ። ማራገቢያው ጋ ስንደርስ «ይሄንን ከድር ይፈቅድ ነበር?» አለች። አይፈቅድም አልኳት። «ተጨቃጭቃችሁበት ነበር፣ ከመኝታ ቤት እሰማችሁ ነበር» አለች። ከዚያ አበራችው።

አሁን በየጠዋቱ የምትፍቀው እሷ ናት። ከኔ ትበልጣለች፤ ላንተ ስለሆነ እውነቱን ልናገር፣ ካንተም ትበልጣለች። ጉልበቷም ሙቀቱን አግኝቷል። ነገር ግን ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ያ በያጅ አልጋውን ሊወስድ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ተነስታ ተቀበለችውና «ያን ቀን ያልኩህ ስህተት ነው። ይሄ ምድጃ የሙኒር ነው። በሩ ብቻ ነው የአባቱ» አለችው። አባዬ፣ ልጅ ሆኜ ሱቁ በር ላይ ስሜ እንዲጻፍ ለምኜህ «መጀመሪያ ቀጥ ያለ ሚስማር ምታ» ያልከኝን ታውቃለህ። ስሜ ተጠራልኝ። ያንተ ስም ከወረደበት ቦታ ላይ ተጠራልኝ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ፍቃ ጨርሳ፣ ቱታውን አውልቃ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ መርካቶ ልትሄድ ወጣች። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ጥላሸት ነበር። ጋሽ በቀለ አይተው ወደ እኔ ዓይናቸውን ጠቀሱ። ድሮ ቢሆን ባጃጅ ጠርቼ፣ ከፍዬ፣ ከነጥላሸቷ መርካቶ መሐል አድርሼ ነበር የምመለሰው። አጥሩን እስክታልፍ በዓይኔ ሸኘኋት። ከዚያ መዶሻዬን ጥዬ በዝናብ ተከትያት ሮጥኩ። «እማዬ፣ አፍንጫሽ» አልኳት። ቆማ አየችኝ፤ እንዳልቀለድኩ ለማወቅ ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። ከዚያ አገጯን ወደ እኔ ቀና አድርጋ እንድጠርግላት ጠበቀች።

በእጅጌዬ ጠረግኩላት።

አባዬ፣ እንደማልረሳህ እምላለሁ ልልህ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ መሐላ ስለቀነሰ ተውኩት። ያለ መሐላ ያዘው፤ ጠዋት ጠዋት እሳቱ ሲያያዝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስምህን እጠራለሁ፣ ዘይት ፍለጋ ስወርድ ጀሪካኑን እደልቅልሃለሁ፣ ተሳፋሪ ሲሳደብም የከድር ልጅ ነኝ እላለሁ።

ልጅህ ሙኒር